ሌግራንዳይት፦ በደማቅ ቢጫ ቀለሙ ውስጥ አርሰኒክ የያዘው ብርቅዬ ማዕድን

ሌግራንዳይት ዚንክ፣ አርሰኒክ፣ ኦክስጅን እና ሃይድሮጂን ተዋሕደው የሚፈጥሩት ብርቅዬ ማዕድን ነው። ደማቅ ቢጫ ቀለሙና እንደ መስተዋት የሚያብረቀርቅ ገጽታው በማዕድን ሰብሳቢዎችና በሙዚየሞች ዘንድ ተፈላጊ አድርጎታል። ይሁን እንጂ ከክብደቱ ሩብ ያህሉ መርዛማው አርሰኒክ በመሆኑ፣ ይህን ማዕድን ለይቶ ማወቅ የዋጋ ብቻ ሳይሆን የጤናም ጉዳይ ነው።

ማዕድኑ መጀመሪያ የተገኘው በሜክሲኮ ኑዌቮ ሌኦን ግዛት፣ ላምፓሶስ አካባቢ ከሚገኝ የማዕድን ማውጫ ነው። ተመራማሪዎቹ ድሩግማን እና ሄይ በ1932 እ.ኤ.አ. አዲስ ማዕድን መሆኑን አሳውቀዋል። ስያሜውን ያገኘው ሌግራንድ ከተባለ ቤልጅየማዊ የማዕድን ሥራ ኀላፊ ነው። እጅግ ውብ የሆኑት ናሙናዎች የወጡት ግን በዚያው አገር ዱራንጎ ግዛት፣ ማፒሚ አቅራቢያ ካለው የኦኹዌላ ማዕድን ማውጫ ነው።

ሌግራንዳይት የሚፈጠረው ዚንክና አርሰኒክ ያላቸው ማዕድናት በአየርና ወደ መሬት በሚሰርግ ውኃ ሲፈራርሱ ነው። የሟሟው ንጥረ ነገር በዐለት ስንጥቆችና ክፍተቶች ውስጥ እንደገና ይረጋል። ስለዚህም ዝገት በመሰለ ቡናማ የብረት ማዕድን ላይ፣ እንደ ነዶ የታሰሩ ወይም እንደ ማራገቢያ የተዘረጉ ረዣዥም ክሪስታሎችን ሠርቶ ይታያል።

በቀላሉ የሚያምታታው አዳማይት ነው። አዳማይትም የዚንክና የአርሰኒክ ውሕድ ሲሆን በኦኹዌላ በብዛት ይገኛል። በሞህስ መለኪያ የአዳማይት ጥንካሬ 3 ነጥብ 5፣ የሌግራንዳይት 4 ነጥብ 5 ገደማ ነው። አዳማይት በአልትራቫዮሌት ብርሃን ሥር ብዙውን ጊዜ አረንጓዴ ያበራል፤ ሌግራንዳይት አያበራም። ሆኖም መዳብ የተቀላቀለበት አዳማይትም ላያበራ ስለሚችል ይህ ምልክት ብቻውን በቂ አይደለም።

ቢጫው ድኝም በቀለም ይመሳሰላል፤ ክብደቱ ግን ይለየዋል። ድኝ ከውኃ 2 እጥፍ ያህል ሲከብድ ሌግራንዳይት 4 እጥፍ ያህል ይከብዳል። 40 ግራም የሚመዝን ንጹሕ ሌግራንዳይት ውኃ ውስጥ ተንጠልጥሎ ሲመዘን 30 ግራም ገደማ ይሆናል። የመጨረሻው ማረጋገጫ የሚገኘው በቤተ ሙከራ በሚደረግ የኤክስሬይ ምርመራ ነው።

ቀድሞ አርሰኒክ ያለበትን ድንጋይ በእሳት አግሎ በነጭ ሽንኩርት መሰል ሽታው መለየት የተለመደ ነበር። ጢሱ መርዛማ በመሆኑ ይህ ዘዴ በቤት ውስጥ ፈጽሞ ሊሞከር አይገባም። ናሙናውን መፍጨት፣ መላስ ወይም አሲድ ውስጥ መንከርም አደገኛ ነው። የነካ ሰው እጁን በሳሙና መታጠብ፣ ናሙናውንም ከምግብ፣ ከመጠጥ ውኃና ከሕፃናት አርቆ በተከደነ ዕቃ ማስቀመጥ ይኖርበታል።