የአስቴር ጋኖ ቃላትና የመቱ አማካሪ

በመቱ፣ በጎሬ ወይም በበደሌ አንዲት እህት በክርስቲያናዊ የምክር አገልግሎት ሠልጥና ስትመለስ፣ ብዙዎቻችን ነገሩን ከውጭ የመጣ አዲስ ሙያ አድርገን እናየዋለን። መማሪያ መጻሕፍቱ በአብዛኛው አሜሪካ የተጻፉ ስለሆኑ አይፈረድብንም። ነገር ግን በምዕራብ ኢትዮጵያ የወንጌል ታሪክ ውስጥ ለዚህ አገልግሎት መሠረት የጣለች ሴት አለች። አስቴር ጋኖ ትባላለች፤ የምናስታውሳት ግን፣ ካስታወስናት፣ በመጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚ ረዳትነቷ ብቻ ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው ከመቱ ብዙም በማይርቀው በሁሩሙ ነው። ኦኔሲሞስ ነሲብ በ1850ዎቹ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በዚያ አካባቢ ተወለደ። የልጅነት ስሙ ሂካ ነበር። የቃሉ ሥር በአፋን ኦሮሞ መተርጎምንም የታሰረን መፍታትንም ያመለክታል። ሕፃን ሳለ ከእናቱ ተነጥቆ ከእጅ ወደ እጅ ተሸጠ፤ በ1870 ምጽዋ ላይ ነፃ ወጥቶ በእምኩሉ የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገባ። አስቴርም በሊሙ ኢናርያ ንጉሥ በባርነት ተይዛ ነበር። ወደ የመን ልትሸጥ በባሕር ስትወሰድ በ1886 ጣልያኖች መርከቡን ያዙት፤ እርሷም ወደ እምኩሉ ተወሰደች።

እምኩሉን በትምህርት ቤትነቱና በማተሚያ ቤትነቱ ብቻ የሚያየው የታሪክ ጸሐፊ ግማሹን ያጣል ባይ ነኝ። በዚያ ከተሰበሰቡት ኦሮሞዎች ብዙዎቹ ተሸጠው የነበሩ፣ ወላጆቻቸው ይሙቱ ይኑሩ የማያውቁ ልጆች ነበሩ። ያን ጊዜ ለሐዘናቸው የሙያ ስም አልነበረውም። ሐዘኑ ግን ነበረ፤ የሚነገርበት ቋንቋም ከእነርሱ ጋር ተሰዷል።

የኦኔሲሞስ ችግር የሚገባን እዚህ ላይ ነው። ከአገሩ የወጣው በልጅነቱ ስለሆነ፣ መጽሐፍ ቅዱስን ለመተርጎም ሲነሣ የአፋን ኦሮሞ ቃላቱ አላዳረሱትም። አንድ ሕፃን እናቱን ለመጥራትና ወተት ለመለመን የሚበቃ ቋንቋ ይኖረዋል። መዝሙረ ዳዊትንና ሰቆቃወ ኤርምያስን ለመተርጎም ግን ለቅሶ ቤት የተቀመጠ፣ አራስ የጠየቀ፣ የአዋቂዎችን ምሬት የሰማ ሰው ቋንቋ ያስፈልጋል። ይህን ያመጣችው አስቴር ናት። የአፋን ኦሮሞ ቃላትን ሰብስባ መዝገበ ቃላት አዘጋጀች፤ ዐምስት መቶ ያህል ዘፈኖችን፣ ተረቶችን፣ ምሳሌያዊ አነጋገሮችንና እንቆቅልሾችን ጻፈች። ከእነዚህ ብዙዎቹ በ1894 ለጀማሪ አንባቢዎች በታተመው መጽሐፍ ውስጥ ገቡ። ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 ሲወጣ የትርጉሙ ክብር በአብዛኛው ለኦኔሲሞስ ተሰጠ።

በ1904 ሁለቱም ከጓደኞቻቸው ጋር ወደ ወለጋ መጡ፤ አስቴር ነቀምት ላይ መምህርት ሆነች። ብዙም ሳይቆይ በካህናት ክስ ምክንያት ኦኔሲሞስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንዲኖር ተገደደ፤ በይፋ እንዲሰብክ የተፈቀደለት በ1916 በልጅ ኢያሱ ዘመን ነው። በእነዚያ ዓመታት ወንጌሉ በመድረክ ሳይሆን በጓዳ፣ በምድጃ ዳር፣ ሰው ከሰው ጋር በሚያደርገው ጭውውት መኖር ነበረበት። አስቴር አማካሪ ተብላ አልተጠራችም። በአፍ መፍቻ ቋንቋው የሚያዝን ሰው ቃሉን በዚያው ቋንቋ እንዲያገኝ ያደረገች ግን እርሷ ናት።

ስለ ጆሮ ከተነሣ፣ የጎሬን ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም። በ1920ዎቹ መጀመሪያ የፕሬስቢቴሪያኑ ሐኪም ቶማስ ላምቢ በጎሬ ሲያልፍ ከገዢው ከራስ ናደው ጆሮ ጥንዚዛ አውጥቶ እንደነበር ይነገራል። የአዲስ አበባን ደጅ የከፈተለት የራስ ናደው ደብዳቤ የመጣውም ከዚያ በኋላ ነው። እኛ መጋቢዎች ይህን ታሪክ በሳቅ እናወራዋለን፤ ለገዛ ጆሯችን ግን ብዙም አንጨነቅም።

አንዲት እናት ልጇ ሞቶባት ወደ ቢሯችን ስትመጣ፣ እኛ የሠለጠንበት ቋንቋ አማርኛ ወይም እንግሊዝኛ ሊሆን ይችላል፤ የእርሷ ሐዘን ግን በአፋን ኦሮሞ ነው። «ምን ይሰማሻል?» ብለን በአማርኛ ስንጠይቃት «ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ትላለች። እኛም እምነቷ ጸንቷል ብለን ጸልየን እንሸኛታለን። የኢዮብ ወዳጆች እንኳ አፋቸውን ከመክፈታቸው በፊት ሰባት ቀን መሬት ላይ አብረውት ተቀምጠዋል (ኢዮ. 2፥13)።

ስለዚህ በኢሉባቦር ከተሞች ለምክር አገልግሎት እህቶችን የሚመርጥ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ከምስክር ወረቀታቸው ጋር ሌላም ነገር ቢጠይቅ ደስ ይለኛል፦ የሁሩሙ ወይም የያዮ ገበሬ ሚስት እንቅልፍ ያጣችበትን ሌሊት፣ ባሏ ሲመታት የተሰማትን፣ ያስወረዳትን ጽንስ በየትኞቹ ቃላት ነው የምትናገረው? እህቶቻችን ይህን ከየመንደሩ እየሰሙ፣ የተናጋሪዋን ስም ሳይጽፉ፣ በደብተር ቢሰበስቡት የሴሚናሪ ተማሪዎቻችን የሚማሩበት መጽሐፍ ይወጣዋል። አስቴር የጀመረችው ከዚህ ነው።