የታፈነ ሥፍራና አየሩ፤ ከገፈርሳ የቫልቭ ጉድጓድ ሲታይ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ አምቦ የሚጓዝ ሰው ቡራዩን እንዳለፈ የገፈርሳን ግድብ ያገኛል። ግድቡ በ1930ዎቹ ተሠርቶ፣ ማጣሪያውም በ1952 ዓ.ም. ገደማ ሥራ ጀምሮ፣ ለገዳዲ በ1960ዎቹ መጀመሪያ እስኪታከልለት ድረስ ከተማይቱን በዋነኛነት ያጠጣ የነበረው ይኸው ነው። እኛ መሐንዲሶች ስለ ግድብ ስንጽፍ ስለ ከፍታውና ስለሚይዘው ውሃ እንጽፋለን፤ ቧንቧው ወደ ከተማ በሚወርድበት መሥመር፣ ከመሬት በታች በተሠሩት የቫልቭ ጉድጓዶች ውስጥ ስለሚተነፍሰው ሠራተኛ ግን እምብዛም አናነሣም።

የውሃ መሥመር ጉድጓድ ከፍሳሽ ጉድጓድ የተለየ፣ ንጹሕ ሥፍራ ይመስላል። ነገር ግን ክዳኑ ለወራት ተዘግቶ ሲቆይ ብረቱ እየዛገ ከታፈነው አየር ኦክስጅኑን ይወስዳል፤ ሰርጎ የገባው ቅጠልና ጭቃም በስብሶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይተካበታል። ይህ አየር ሽታም ሆነ ቀለም የለውም። የወረደው ሰው ጉልበቱ በድንገት ይከዳዋል፤ ጓደኛው ሊያወጣው ዘሎ ይገባና ሁለተኛ ሆኖ ይወድቃል።

ነገሩ ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። በሐረርጌ እህሉን በጉድጓድ የሚያኖር ገበሬ፣ ክዳኑን ከፍቶ ሳያናፍስ አይገባበትም፤ በጉድጓዱ ያለው እህል ራሱ ይተነፍሳልና። የውሃ ጉድጓድ የሚቆፍርም ሰው የበራ ሻማ በገመድ አውርዶ ያያል። ብልሃቱ መልካም ነው፤ ሻማ ኦክስጅኑ ወደ 16 ከመቶ ገደማ ሲወርድ ይጠፋልና። ሆኖም ስለ ካርቦን ሞኖክሳይድ ምንም አይናገርም፤ ሚቴን ባለበትም ራሱ እሳት ይጭራል።

በአውሮፓም መንገዱ ይኸው ነበር። ሃምፍሪ ዴቪ እ.ኤ.አ. በ1815 እሳቱን በሽቦ ወንፊት የከለለ መብራት ሠራ። ሐኪሙ ጆን ስኮት ሃልዴን በ1890ዎቹ ትናንሽ እንስሳትን ለምልክት ይዞ መውረድን መከረ፤ የብሪታንያ የከሰል ማዕድን ሠራተኞችም ካናሪ የምትባለውን ወፍ እስከ 1986 ድረስ ይዘው ይወርዱ ነበር። በእኔ አስተያየት ከሁሉ የሚደንቀው ግን፣ ጀርመናዊው ጌዮርግ አግሪኮላ በ1556 በታተመው የማዕድን መጽሐፉ ወናፍን፣ በሣጥን ውስጥ የሚሽከረከር ማራገቢያንና የነፋስ መቀበያን በሥዕል አስደግፎ ማስረዳቱ ነው። መብራቱና ወፊቱ አደጋውን ይናገራሉ እንጂ አያስወግዱትም፤ የሚያስወግደው አየሩን መለወጥ ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው። ወለሉ 2 በ2 ሜትር፣ ጥልቀቱ 3 ሜትር የሆነ ጉድጓድ 12 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል። በደቂቃ 6 ሜትር ኩብ የሚነፋ ማራገቢያ በ6 ደቂቃ ውስጥ የጉድጓዱን ሦስት እጥፍ አየር ይሰጣል፤ አየሩ በሚገባ ከተደባለቀ ከአሮጌው የሚቀረው 5 ከመቶ ያህል ነው። ከተደባለቀ ማለቴ ያለ ምክንያት አይደለም። ቱቦው አፉ ላይ ተንጠልጥሎ ከቀረ ንጹሑ አየር እዚያው ዞሮ ይወጣል፣ የታችኛው ባለበት ይቀራል። ስለዚህ የቱቦው ጫፍ ከወለሉ አጠገብ መድረስ አለበት፤ ማራገቢያውም ሰው ከወረደ በኋላ አይጠፋም። በክሎሪን ክፍል ደግሞ ጋዙ ከአየር 2.5 ጊዜ ያህል ስለሚከብድ መምጠጫው ከወለሉ ጥግ እንጂ ከጣሪያ አይሆንም።

የውጭ አገር መመሪያዎች ከ19.5 ከመቶ በታች ኦክስጅን ወዳለበት መግባትን ይከለክላሉ። ገፈርሳ ግን 2,600 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ነው። በዚያ የኦክስጅኑ ድርሻ እንደ ሌላው ሥፍራ 20.9 ከመቶ ቢሆንም፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ወደ ሦስት አራተኛ ይወርዳል። የደጋ ሰው ደሙ ለምዶታል፤ ሆኖም ድርሻው ሲጎድል የሚተርፈው መጠባበቂያ ከቆላው ያነሰ ነው። ማራገቢያውን የሚያንቀሳቅሰው የቤንዚን ጀኔሬተርም በዚሁ ምክንያት ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል፤ ሲመረጥ ይህ ይታሰብለት። የሚቆምበትም ሥፍራ ከጉድጓዱ አፍ ርቆ፣ ከነፋሱ በታች ይሁን፤ አለዚያ ማራገቢያው የጀኔሬተሩን ጭስ ስቦ በቱቦው ወደ ሠራተኛው ያወርደዋል።