ሕመም ነው ወይስ ኃይል ማጣት?

በደርግ ዘመን ለትምህርት አንዱ ሞስኮ፣ ሌላው ፕራግ የሄዱ ሁለት ወዳጆች ስለ ሆስፒታል ቢያወሩ፣ የመጀመሪያው «ቦልኒትሳ»፣ ሁለተኛው «ኔሞትስኒትሴ» ማለታቸው አይቀርም። ቤቱ አንድ ነው፤ ስሙ ግን ለየቅል። ሩሲያኛው ሕመም የሚሰማቸውን፣ ቼክኛው ኃይል ያጡትን የሚያስተኛ ቤት ነው። ለመሆኑ ጥንት አንድ ቋንቋ ይናገሩ የነበሩት ስላቮች በሽታን በመሰየም እንዴት ተለያዩ?

በሩሲያኛ በሽታ «ቦሌዝን» ይባላል። ሥሩ «ቦል» ነው፤ የሚጠዘጥዝ፣ የሚቆረጥም ሕመም ማለት ነው። ሰርቦችና ክሮአቶችም ከዚሁ ሥር «ቦሌስት» ይላሉ። ቼኮች ይህ ቃል አልጠፋቸውም፤ ዳሩ ግን ለእነርሱ «ቦሌስት» ሕመሙ ብቻ ነው። በሽታውን «ኔሞትስ» ይሉታል። «ኔ» አፍራሽ ነው፤ «ሞትስ» ደግሞ ለአማርኛ ጆሮ ሞት ሞት ቢልም ትርጉሙ ኃይል ነው። የጀርመንኛው «ማኽት» የሥጋ ዘመዱ ነው።

ሐሳቡ የቼኮች ብቻ አይደለም። ቄርሎስና መቶድዮስ በ863 እ.ኤ.አ. ከቁስጥንጥንያ ወደ ሞራቪያ ሲሄዱ ወንጌልን በስላቮች ቋንቋ ይዘው ነበር። በዚያ ጥንታዊ የወንጌል ትርጉም «ቦሌዝን» ብቻውን አልቆመም፤ «ኔዶንግ» የሚባል ጓደኛ አለው። እርሱም «ብርታት የለሽ» እንደማለት ነው። ዛሬ በሩሲያኛ «ኔዱግ» ተብሎ በመጻሕፍት ቋንቋ ይኖራል። አፍራሹ ሲነሣ የቀረው «ዱዢ» ለዩክሬናዊ ብርቱ፣ ለፖላንዳዊ ትልቅ ማለት ነው። እንግዲህ ሁለቱም ሐሳቦች የሁሉም ስላቮች ርስት ነበሩ፤ አንዱ ለዘወትር ንግግሩ ሕመሙን፣ ሌላው የኃይሉን ማለቅ መረጠ እንጂ።

ከ«ኔሞትስ» ሥር ሌላም ቃል በቅሏል፤ «ፖሞትስ» ይባላል። እርዳታ ማለት ነው። በሩሲያኛም «ፖሞሽ» ነው። በሽተኛው ያጣው ያው ኃይል በረዳቱ ስም ውስጥ ይገኛል።

እኛስ? አማርኛችን በዚህ ረገድ ከሞስኮ ወገን ነው። «አመመኝ» ስንል የራስ ምታቱንም በሽታውንም በአንድ ቃል ጠቅልለን ነው። ቃሉ ግን ያዘናጋል። የስኳር በሽታ ብዙ ጊዜ አንዳች ሳያሳምም አቅም ያሟጥጣል፤ ባለቤቱም «ምን አመመኝና!» እያለ የሐኪም ቤቱን ደጅ አልፎ ይሄዳል። እንዲህ ያለውን ሰው «የት ጋ ያምሃል?» ብሎ ከመጠየቅ፣ እንደ ጥንቶቹ ስላቮች «ጉልበትህ እንዴት ነው?» ማለት ሳይሻል አይቀርም።