የሆድ ድርቀት

የሆድ ድርቀት ማለት፣ በግዕዝ አማዑት በሚባለው አንጀት ውስጥ የሚጓዘው ዓይነ ምድር ጉዞው ከመዘግየቱ የተነሣ፣ ታላቁ አንጀት ውሃውን አብዝቶ ስለሚመጥጠው፣ ጠጥሮና ደርቆ በብዙ ማማጥ የሚወጣበት ሁኔታ ነው። ሐኪሞች በሳምንት ከ3 ጊዜ ያነሰ መጸዳዳትን የድርቀት ምልክት ስለሚያደርጉት፣ አንድ ቀን ሳይወጡ መዋል ብቻውን ደዌ አይባልም።

መንሥኤው ብዙ ነው፤ የውሃ ማነስ፣ አሰር የጎደለው ምግብ፣ ያለ እንቅስቃሴ መቀመጥ፣ እርግዝና፣ እርጅና፣ የብረት እንክብል፣ እንደ ኮዴን ያለ የሕመም ማስታገሻም ያደርቃል። በጋሳይና በደብረ ታቦር ደጋ ብርዱ ጥምን ያስረሳልና፣ በጾም ወራትም ምእመናን እስከ ተሲዓት ውሃ ሳይቀምሱ ይውላሉና፣ ከጾም መፍቻ በኋላ ውሃን አዘውትሮ መጠጣት ይገባል። መጸዳጃ በአጠገቧ ስለሌለ እስኪመሽ የምትታገሥ ሴትም ሰገራዋ በውስጧ እየደረቀ ትሠቃያለችና፣ ለእርስዋ መጸዳጃ መቆፈር መድኃኒት እንደ መስጠት ይቈጠራል።

የደጋው አዝመራ ራሱ ረዳት ነው፤ ባቄላው፣ አተሩ፣ ጎመኑ፣ ከነልጣጩ የተቀቀለው ድንች አሰር አላቸው፤ ተልባም ከብዙ ውሃ ጋር ሲጠጣ ሰገራን ያለሰልሳል። ኮሶ ግን የትል መድኃኒት እንጂ የድርቀት አይደለም፤ ሲበዛም ይመርዛል። ደም የታየበት፣ ያለ ምክንያት የከሳ፣ ወይም ሆዱ ተነፍቶ የሚያስመልሰው ሰው ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ይሂድ።