ከዙፋን ችሎት እስከ መሰየም

በኢትዮጵያ የወንጀል ፍርድ ታሪክ ከተከሳሽ መብቶች ሁሉ ቀድሞ ሥር የሰደደው ይግባኝ ነው። በጥንቱ ሥርዓት ነገር ከአካባቢ ሹም ወይም ከመንገድ ዳኛ ይነሣል፤ ወንበሮች በሚባሉት ዳኞች በኩል አልፎ ዋናው ዳኛ አፈ ንጉሡ ዘንድ ይደርሳል። እዚያም ፍርዱ ያልተዋጠለት ሰው «አቤት» እያለ ንጉሡ ራሱ ወደሚፈርድበት ዙፋን ችሎት ይዘልቃል።

መከላከያው ግን በአንደበት ላይ የቆመ ነበር። በበላ ልበልሃ ሙግት ተከራካሪው በችሎቱ ፊት ቆሞ፣ ተረትና ምሳሌ እየጠቀሰ፣ በማር ወይም በበቅሎ እየተወራረደ ባላጋራውን «ተጠየቅ» ይለዋል። ቃል የማይሳካለት ነገረ ፈጅ ያቆማል። ዋስ ያጣ ተከሳሽ ከከሳሹ ጋር በሸማ ጫፍ ወይም በሰንሰለት ይቆራኛል። የንግግር ጥበቡ እጅግ የሚደነቅ ቢሆንም፣ እውነት ይዞ አንደበት ላጣ ድሃ ሥርዓቱ ጨካኝ ነበር።

ይህን ጉድለት በግልጽ ያየው የ1948 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ነው፤ ጠበቃ ማቆም ለማይችል ተከሳሽ ፍርድ ቤቱ እንዲመድብለት ደነገገ። የ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በበኩሉ ለይግባኝ ማስታወቂያ 15፣ ለማመልከቻው 30 ቀን ወሰነ። ይግባኙን የጨረሰ ሰው ለንጉሠ ነገሥቱ ችሎት እንዲያመለክትም በር ክፍት አድርጎ ነበር። በኅዳር 1967 ዓ.ም. ደርግ 60 ያህል ሰዎችን ያለ ፍርድ ሲገድል መከላከልም ይግባኝም ከንቱ ሆኑ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 ሁለቱንም መብቶች መልሶ አጸና፤ በ1997 ዓ.ም. ደግሞ የፌዴራል ሰበር ሰሚ ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም የበታች ፍርድ ቤቶችን እንዲያስገድድ ታወጀ።

ቅጣቱን ጨርሶ ለወጣ ሰው የተዘጋጀው መሰየም ነው፤ ከመከላከያና ከይግባኝ ይልቅ ትንሽ የሚነገርለትም እሱ ነው። ስዊዘርላንዳዊው ዣን ግራቨን ባረቀቀውና በ1950 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ገባ፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግም አቆየው። ጽኑ እስራት የተፈረደበት ቅጣቱን ከፈጸመ 5 ዓመት፣ ሌላው 2 ዓመት ሲሞላው ለፍርድ ቤት ያመለክታል። መልካም ጠባይ ማሳየትና አቅሙ የፈቀደውን ካሳ መክፈል ይጠበቅበታል። ከተፈቀደለት ፍርዱ ከመዝገብ ይሰረዛል፣ የተሻሩ መብቶቹም ይመለሳሉ፤ በክፋት የድሮውን ጥፋት እያነሣ የሚነቅፈው ሰው በስም ማጥፋት ይጠየቃል። ተሰያሚው በ5 ዓመት ውስጥ ጽኑ እስራት የሚያስከትል አዲስ ወንጀል ፈጽሞ ከተፈረደበት ግን ውሳኔው ይሻራል።