ዋንጫውን የተቀበለው የወታደር ልጅ

ሰው አባቱን መርጦ አይወለድም። ይህን ሁላችን እናውቃለን፤ ነገር ግን በሰው ላይ ስንፈርድ አስቀድመን የምንጠይቀው «የማን ልጅ ነው?» ብለን ነው። መልሱ ደስ ካላሰኘን የልጁን ሥራ ለመመልከት አንቸኩልም። በኳስ ጨዋታ ስሙ ከፍ ብሎ የነበረው ሉቻኖ ቫሳሎ ከልጅነቱ ጀምሮ ከዚህ ጥያቄ ጋራ የኖረ ሰው ነው።

ሉቻኖ በነሐሴ ወር 1927 ዓ.ም. በአሥመራ ተወለደ። እናቱ ኤርትራዊት፥ አባቱ የኢጣልያ ወታደር ነበር። ጊዜው ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ለመውረር ጦሩንና መሣሪያውን በኤርትራ የሚያከማችበት ወራት ነበርና፥ ሕፃኑ ሁለት ወር ሳይሞላው ጦርነቱ ተጀመረ። ከዚያ ወዲያ ከኢጣልያውያንና ከአገሬው ሴቶች የሚወለዱ ልጆች በበዙ ጊዜ የሮማ መንግሥት በ1932 ዓ.ም. አንድ ሕግ አወጣ፤ ይኸውም ኢጣልያዊ አባት ከአፍሪካዊት የወለደውን «ልጄ ነው» ብሎ እንዳይቀበልና ስሙን እንዳይሰጠው የሚከለክል ነበር። ወራሪ ብዙ ነገር ይዘርፋል፤ ከሕፃን ላይ አባትን የሚዘርፍ ሕግ ግን ከሌላው ዝርፊያ ሁሉ የከፋ ይመስለኛል።

በእኛስ ዘንድ? ጠላት ከወጣ በኋላ ክልስ ልጅ የጠላት ዘር እየተባለ መሰደቡ የተለመደ ነበር። ነጩ «አፍሪካዊ ነህ» ብሎ ያርቀዋል፤ ጥቁሩ «ጣሊያን ነህ» ብሎ ይገፋዋል። እንግዲህ ልጁ ወዴት ይሂድ?

ሉቻኖ መካኒክነት ተማረ፤ ኳስም ተጫወተ። በአሥመራ ገጀረት በተባለው ቡድን ስሙ ታወቀ፤ ኋላም ድሬዳዋ ወርዶ የኢትዮጵያን ሻምፒዮና ደጋግሞ ለወሰደው ለጥጥ ፋብሪካው ቡድን ተሰለፈ። በዚያን ዘመን ኳስ ሀብት አልነበረም። በእንግሊዝ አገር እንኳ እስከ 1953 ዓ.ም. ድረስ የተጫዋች ደመወዝ በሳምንት ከ20 ፓውንድ እንዳይበልጥ በደንብ ተወስኖ ነበር፤ በአገራችን ደግሞ ብዙው ተጫዋች እንጀራው የእጁ ሥራ ነበር። የጣና ዳር ወጣት ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያሻውም፤ የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካም የራሱ የኳስ ቡድን ነበረው። ያ ፋብሪካ የተሠራው ኢጣልያ ስለ ጦርነቱ በከፈለችው ካሣ መሆኑን ብዙ ሰው ያውቃል። ለክልሶቹ ልጆች ግን ካሣ የከፈላቸው የለም።

በ1954 ዓ.ም. ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ በአዲስ አበባ ተደረገ። የተወዳደሩት አራት አገሮች ብቻ ነበሩ፤ ኢትዮጵያ፥ ቱኒዝያ፥ ዑጋንዳ፥ እንዲሁም ያን ጊዜ የተባበረው ዐረብ ሪፐብሊክ ትባል የነበረችው ግብፅ። ግብፅ ያለፉትን ሁለት ዋንጫዎች የወሰደች ናት፤ ኢትዮጵያንም በሁለቱም ውድድሮች 4 ለ 0 አሸንፋለች። የእኛን ቡድን ይመሩ የነበሩት አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ሲሆኑ አምበሉ ሉቻኖ ነበር። ኤርትራ በዚያ ጊዜ ከኢትዮጵያ ጋራ በፌዴሬሽን የተዋሐደች ስለ ነበረች የአሥመራ ልጆች ለኢትዮጵያ ይሰለፉ ነበር።

ቱኒዝያን 4 ለ 2 ከረቱ በኋላ ፍጻሜው እሑድ ጥር 13 ቀን፥ በቃና ዘገሊላ ማግስት ዋለ። ግብፆች በ35ኛው ደቂቃ አገቡ። ኢትዮጵያ እስከ 74ኛው ደቂቃ ደክማ አቻ ሆነች፤ ሕዝቡ እልልታውን ሳይጨርስ በ75ኛው ደቂቃ ግብፆች ዳግመኛ አገቡ። ኳስ የተጫወተ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው ጉልበት የሚከዳው እንዲህ ባለው ሰዓት ነው። ጨዋታው ሊያልቅ ስድስት ደቂቃ ያህል ሲቀረው ግን አምበሉ ራሱ አገባና 2 ለ 2 ሆነ። በተጨማሪው ሰዓት ታናሽ ወንድሙ ኢታሎ ሦስተኛውን፥ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን ጨመሩ።

አሁን፥ ወጣት አንባቢ ሆይ፥ የሆነውን ልብ በል። ዋንጫውን የሰጡት ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ናቸው፤ በኢጣልያ ጦር ምክንያት አምስት ዓመት በስደት የኖሩ ንጉሥ። ዋንጫውን ከእጃቸው የተቀበለው የኢጣልያ ወታደር ልጅ ነው። በ1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር የገባባት ያችው ከተማ ኢታሎ ተብሎ የተሰየመ ልጅ ስላገባላት ደስ አላት። ዋንጫ ስድብን ሁሉ ሻረ ለማለት አልደፍርም፤ በድል ቀን ወንድሜ ያልነውን በማግስቱ የማን ልጅ እንደ ሆነ የምንጠይቅ ሕዝብ ነን። ያም ሆኖ ኢትዮጵያ ይህን ዋንጫ እስከ ዛሬ ድረስ ሁለተኛ አላገኘችውም።

ሉቻኖ በ1960 ዓ.ም. አዲስ አበባና አሥመራ ላይ በተደረገውም ውድድር ተሰልፏል፤ ያን ጊዜ ኢትዮጵያ አራተኛ ሆነች። ኋላም አሠልጣኝ ሆኖ ሠራ። በደርግ ዘመን ከአገር ወጥቶ አባቱ ወደ መጣበት ወደ ኢጣልያ ተሰደደና፥ በመስከረም 2015 ዓ.ም. በ87 ዓመቱ እዚያው ዐረፈ። የተወለደባት አሥመራ ከ1985 ዓ.ም. ጀምሮ የሌላ መንግሥት ከተማ ሆና ነበር፤ ለአገሬ ብሎ የተሰለፈላት ባንዲራና የተወለደባት ምድር ተለያይተው ሳለ ሽማግሌው በሦስተኛ አገር ይኖር ነበር።

የሕይወት ታሪኩን በኢጣልያንኛ ጽፏል። የመጽሐፉ ርእስ ወደ አማርኛ ቢመለስ «እማዬ፥ ገንዘቡ ይኸውልሽ» ማለት ነው።