ያረጀ የጀልባ ሞተር ሲደክም ምን ይፈተሻል?

ባሕር ዳር፦ በጣና ሐይቅ ዙሪያ ለሚኖረው ሕዝብ የሞተር ጀልባ መንገድም መተዳደሪያም ነው። ዓሣ አጥማጁ መረቡን ይዞ ይወጣበታል፤ የደሴት ነዋሪው ወደ ከተማ ይሻገርበታል። ሞተር በሐይቁ መካከል ሲጠፋ ጉዳቱ ጊዜና ነዳጅ ከማባከን ያልፋል፤ ማዕበል ከተነሣ የሰው ሕይወት አደጋ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ የሞተር ድካም ምልክት እንደታየ፣ ጀልባው ከወደብ ሳይርቅ፣ በቅደም ተከተል መፈተሽ ይገባል።

ነዳጅ

ሞተሩ ተነሥቶ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የሚጠፋ ከሆነ በቅድሚያ የሚታየው በነዳጅ ማጠራቀሚያው ክዳን ላይ ያለው የአየር ማስገቢያ ብሎን ነው። ብሎኑ ከተዘጋ በወጣው ነዳጅ ምትክ አየር ስለማይገባ ፍሰቱ ይቆማል። ቀጥሎ ጥቂት ቤንዚን በንጹሕ ጠርሙስ ቀድቶ ማቆየት ነው። ውኃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ከታች ተለይቶ ይታያል። ለወራት የቆየ ቤንዚንም ካርቡራተሩን የሚደፍን ሙጫ መሰል ዝቃጭ ይተዋል። ሞተሩ ሞቆም ቾክ ካልተሳበ የማይሠራ ከሆነ የካርቡራተሩ ቀጭን ቀዳዳ ሳይደፈን አልቀረም።

የዘይት መጠን

ባለ ሁለት ምት ሞተር ዘይት ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ ይሰጠዋል። አምራቹ 50 ለ 1 ካዘዘ ለ5 ሊትር ቤንዚን 100 ሚሊ ሊትር፣ 25 ለ 1 ካዘዘ ደግሞ 200 ሚሊ ሊትር ዘይት ያስፈልጋል። ዘይት ሲበዛ ሞተሩ ይጨሳል፤ ሲያንስ ፒስተኑ ተቃጥሎ ይጣበቃል።

ካንዴላ

ካንዴላው ሲወጣ ቀላል ቡናማ ከሆነ ጤናማ ነው። ጥቁርና እርጥብ ከሆነ ነዳጅ ወይም ዘይት በዝቷል፣ አለዚያም እሳቱ ደካማ ነው። ነጭ ሆኖ ከተገኘ ሞተሩ ከመጠን በላይ ግሏል። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሚገኝ አየሩ ስስ ነው። በዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ካርቡራተር እዚህ ከአየሩ አንጻር ነዳጅ ያበዛል፤ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ጉልበትም ይቀንሳል። መፍትሔው በባለሙያ ማስተካከል ነው።

ማቀዝቀዣ ውኃ

ሞተሩ ሲሠራ ከጎኑ የሚረጨው ቀጭን ውኃ ማቀዝቀዣው እየሠራ መሆኑን ያሳያል። ውኃው ከቀነሰ ወይም ከቆመ ሞተሩን ወዲያውኑ ማጥፋት ያስፈልጋል። እምቦጭ፣ ፌስታል ወይም የመረብ ቁራጭ ከታች ያለውን የውኃ መሳቢያ ወንፊት ይዘጋዋል። ወንፊቱ ንጹሕ ሆኖ ውኃው ካልመጣ በፓምፑ ውስጥ የሚሽከረከረው ላስቲክ አልቋል። ሞተሩን ከውኃ ውጭ ማስነሣት ይህንኑ ላስቲክ በአጭር ጊዜ ያበላሻል።

ማሽከርከሪያው

ሞተሩ እየጮኸ ጀልባው የማይገፋ ከሆነ ችግሩ ከታች ነው። የማሽከርከሪያው ፒን ተሰብሮ ወይም የመሐል ላስቲኩ ተንሸራቶ ሊሆን ይችላል። በዘንጉ ላይ የተጠመጠመ የመረብ ክር የዘይት መከላከያውን ይቆርጣል። የማርሽ ዘይቱ ወተት ከመሰለ ውኃ ገብቶበታል።

ይህ ሁሉ ተፈትሾ ሞተሩ አሁንም ከደከመ የፒስተን ፋሻው ማለቁ ያጠራጥራል። ይህም የሲሊንደሮቹን ግፊት በመለኪያ አይቶ በሚያረጋግጥ መካኒክ ይለያል።

በፍተሻ ወቅት ሲጋራና እሳት መራቅ አለባቸው። ያረጀ ሞተር የያዘ ጀልባም መቅዘፊያ፣ ትርፍ ካንዴላ፣ የካንዴላ መፍቻ፣ ትርፍ ፒንና ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ የሕይወት አድን ጃኬት ሳይዝ ከወደብ መውጣት አይኖርበትም።